ዣንጥላ የያዘችው ዶሮ

መፋቂያው የዶሮዋን እግር ሊነካ ሲል ከኋላ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የጽዳት ተቆጣጣሪዋ ዘወር አለች። አውቶቡስ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት ነርስ ጋውኗን እንደለበሰች ቆማለች።

«እሷን እንዳትነኪብኝ። አዳር ሠርቼ ስወጣ የምታስቀኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ታዝዤ ነው እኮ፣ እህቴ።»

ምሰሶው ላይ ያለችው መዳፍ የማትሞላ ስቲከር ናት፤ ዣንጥላ የያዘች ዶሮ፣ ከሥሯም «ቢዘንብም ሥራ አለብኝ» የሚል ጽሑፍ። ሰሞኑን ፌርማታው ሁሉ ባርኔጣ በደፋ ቀንድ አውጣና መነጽሩ በጠፋበት ዓሣ ተሞልቷል። አለቃዋ ጠዋት ነገሩን አሳጥረውት ነበር፤ ለጣፊውን ዛሬ ካላመጣች ሌላ ተቆጣጣሪ ይፈልጋሉ።

አውቶቡሱ ነርሷን ይዞ ሄደ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ ጽሑፉን አስተዋለችው። የመጨረሻዋ ፊደል እንደ ዳንሰኛ እግሯን አንስታለች። ልቧ ድንግጥ አለ። እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፦ አርባ ዓመት የሱቅ ሰሌዳ ሲጽፍ ኖሮ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሹን የጣለው አባቷ። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የሚውል ይመስላት ነበር።

ሙጫው ገና እርጥብ ነው። ከምሰሶ ምሰሶ እርጥቡን እየተከተለች ሦስተኛው ፌርማታ ስትደርስ፣ ክራባት ያሰረ ሽማግሌ እያፏጨ ኪሱን ይፈትሻል።

«አባዬ!»

እጁን ከኋላው ደበቀ። «ሥራ የለሽም እንዴ አንቺ?»

«ሥራዬ አንተ ሆነህ ተገኘህ! እጄ አልታዘዝ አለኝ ብለህ አልነበር?»

«እምቢ ያለኝ ትልቁ ጽሑፍ ላይ ነው። ለትንሹ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ይስቃል ግን? ቆሜ ለማየት አፈርኩ።»

«አንዲት ነርስ ለዶሮህ ብላ ልትደበድበኝ ነበር።»

አባቷ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ይህን ሳቅ ከሰማችው ሁለት ዓመት አልፏታል።

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ናቸው።

«አገኘሽው?»

«አግኝቼዋለሁ። አላመጣውም ግን። ይልቅ እርስዎ መጥተው ይዩ፤ ሰው ፌርማታ ላይ ሲስቅ አይተው ያውቃሉ?»

መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። ፊቷ ፈክቷል።

አባቷ ብስክሌት የሚነዳ ዝሆን ከኪሱ አወጣና የፌርማታው መስታወት ላይ አስጠጋው።

«እዚህ ይሁን?»

ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው።

«ትንሽ ወደ ግራ።»