እናቷን የማይቀበለው ማጫወቻ

ማጫወቻው ጥፋት የለበትም። ካላዋቲ ይህን ስትል ዓመታት አልፈዋል፤ የሰማት ግን የለም።

በባሏ ታላቅ ወንድም በቢንዴሽዋር ቤት የእናቷ ዘፈን አለ። የሱ ልጅ የተዳረ ጊዜ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሲዘፍኑ በስልኩ ቀርጾ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦታል። እናቷ በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ ሲገባ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ካላዋቲ ያቺን የክብሪት ቤት የምታክል ማጫወቻ ወደዚያ ቤት ያልላከችበት በዓል የለም። ማጫወቻዋ ትሄዳለች፣ የፊልም ዘፈን ተሞልታ ትመለሳለች፤ የእናቷ ድምፅ ግን የለም። መልሱም ያው ነው፤ ማጫወቻሽ አልቀበልም አለ፣ አሮጌ ስለሆነ ሌላ ግዢ። ገዛች። አዲሷም አልተቀበለችም ተባለ።

ገብታ እንዳትጠይቀው፣ በአገሩ ወግ ሴት የባሏን ታላቅ ወንድም አታናግርም። ሲመጣ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ትስባለች፤ ጥላው እንዳይነካት ግድግዳ ትታከካለች። ተድራ ከመጣች ጀምሮ አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። የምትፈልገውን ለሚስቱ ለሩክሚኒ ትነግራለች፤ ሩክሚኒ ገብታ ትነግረዋለች፤ መልሱን ይዛ ትወጣለች። ሩክሚኒ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ወሬው የክፍሉን በር መጋረጃ ሲያልፍ ግማሹ እዚያው ይቀራል።

የካላዋቲ ልጅ ጁሂ ልትዳር ነው። ከዳርባንጋ ከተማ የሚመጡት ዘመዶች መግባት ጀምረዋል። ያን ቀን ጠዋት ካላዋቲ ለልጅቷ ገላ የሚቀባውን እርድ ልትበጠብጥ ውኃ ስትቀዳ ሩክሚኒ መጣችና ስለ ቤቷ ጣጣ ታወራላት ጀመር። ያ ኮምፒውተር እንደ እርጉዝ ጎሽ እየተንፏቀቀ አስቸግሯል፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያ መጥቶ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ሊሠራው ነው።

«ሁሉን?» አለች ካላዋቲ።

«ሁሉን ነዋ። ለሠርጉ ቪዲዮ ቦታ ያስፈልጋል።»

ባልዲው ከቧንቧው ሥር እንደተጣደ ቀረ። ካላዋቲ ማጫወቻዋን ከትራሷ ሥር አውጥታ ወደ ገበያ ነጎደች። ከኋላዋ እርዱስ የሚሉ ሴቶች ነበሩ፤ አልዞረችም።

ናሲም ገበያው ጫፍ ላይ ስልክ ይጠግናል፣ ዘፈን ይጭናል። ማጫወቻዋን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኛት፤ አንድ ዘፈን ሰደደባት፤ ነቅሎ ጆሮው ላይ አደረጋት። ዘፈነች። ሌላም ሰደደ። እሱንም ዘፈነች።

«ቻቺ፣ አክስቴ፣ ይቺ ጤነኛ ናት። ከኔ ትሻላለች» አላት።

ካላዋቲ ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች፤ የእናቷን ዘፈን ነገር ነገረችው። ናሲም፣ ያ ዘፈን አልገባ ሲል ኮምፒውተሩ ምን ብሎ ይጽፋል ብሎ ጠየቃት። እሷ ምን አውቃ፤ እሷ ያለችው ከመጋረጃው ውጭ ነው። እንግዲያው በአሮጌ ስልክ የተቀረጸ ይሆናል አለ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ይቺ ማጫወቻ አታውቀውም። የሚያመሳስለው ፕሮግራም የምታውቀውን ያስገባላታል፣ የማታውቀውን ይዘላል። ሲዘልም ዝም ብሎ አይዘልም፣ ትንሽ ጽሑፍ ያወጣል፤ እሺ ብሎ ለሚዘጋው ሰው ግን ምን ያድርግ። ፍላሽ ሰጣትና ዘፈኑን እንዳለ ገልብጠው ይስጡሽ፣ ማጫወቻዋ የምታውቀው አድርጌ የምለውጠው እኔ ነኝ አላት።

ሄደች። ሩክሚኒ ፍላሹን ይዛ ገባች፤ ትንሽ ቆይታም ተገልብጧል ብላ ይዛ ወጣች። ካላዋቲ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣው ወደ ገበያ ተመለሰች፤ መንገዱ በበሬ ጋሪ ተዘግቶ ስታገኘው በጋሪው ሥር ለማለፍ ምንም አልቀራትም።

ናሲም ፍላሹን ከፍቶ አየና ራሱን አከከ። ውስጡ ጥጉ ላይ ቀስት ያለባት አንዲት ምልክት ብቻ አለች።

«ይሄ እኮ ዘፈኑ አይደለም። ዘፈኑ ወዳለበት የሚጠቁም ነው። ቤቱን አምጡ ብንላቸው የቤቱን አቅጣጫ ላኩልን።»

ማድረግ ያለባቸውንም ነገራት፤ ምልክቷ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ መጫን፣ ያለችበትን ቦታ ክፈት የሚለውን መምረጥ፣ እዚያ ያለውን መገልበጥ። ካላዋቲ ይህን መንገዱን ሙሉ በአፏ እያመላለሰች ሄደች፤ ያያት ሁሉ የምትጸልይ መስሎታል።

ለሩክሚኒ ነገረቻት። ሩክሚኒ መጋረጃውን አልፋ ስትናገር ተሰማ፤ ቀኙን ይጫኑት ትላለች። ቢንዴሽዋር ከውስጥ፣ የማንን ቀኝ ነው የምጫነው፣ ደግሞ ምን ጀመራት አለ። ሩክሚኒ ወጣች፤ ካላዋቲ ደግማ አስረዳቻት፤ ተመልሳ ገባች፤ አሁንም ሌላ ነገር ተናገረች። በዚህ መሃል ቦርሳ ያነገተ ሰውዬ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ወደ ውስጥ አለፈ።

ሩክሚኒ ወጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። «በቃ ይቅር፣ ባለሙያው መጣ። ጁሂ ዘፈን አጥታ ከቤት አትወጣም፤ እኛ በአፋችን እንዘፍንላት የለ?»

እውነቷን ነው፤ ይዘፍናሉ። ግን ያቺ አሮጊት እናቷ ጁሂን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አንቺ ስትሸኚ ከኔ ቀድሞ ማንም አፉን እንዳይከፍት ብላ ነበር። ካላዋቲ ሰምታለች። ጁሂም ሰምታለች፤ ሰሞኑን ዘፈኑ ተገኘ ወይ ብላ መጠየቅ ትታ ዝም ብላ የእናቷን እጅ ማየት ጀምራለች።

ካላዋቲ ሳሪዋን እስከ አገጯ ሳበችና መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ቢንዴሽዋር ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለሙያው ገመዱን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ባይያጂ፣ ታላቅ ወንድሜ» አለች ካላዋቲ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «የሰጡኝ ምልክቱን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም። የቀኙን ቁልፍ ይጫኑበት፣ ያለበትን ቦታ ክፈት ይበሉት፣ እዚያ ያለውን ይገልብጡልኝ። እስከዚያ ይሄ ሰውዬ እጁን ይሰብስብ።»

ከኋላዋ ሩክሚኒ፣ ኧረ ተይ፣ ሰው ምን ይላል እያለች ሳሪዋን ጎተተቻት።

«ያሻውን ይበል፣ ዲዲ፣ እህቴ። ልቀቂኝ።»

ቢንዴሽዋር ወንበሩን አነሳ። ፊቱን ሳያዞር ተቀመጠና ለሚስቱ፣ የቀኙ ማለት የቱ እንደሆነ ጠይቂያት አላት።

«የሚበሉበት እጅ በኩል ያለው» አለች ካላዋቲ ራሷ።

ተጫነው። አንድ መስኮት ተከፈተ፣ ሌላም ተከፈተ። ፍላሹን ሰካችለት። አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች ስትሞላ ካላዋቲ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጠበቀች፤ አላጎነበሰችም፣ ግድግዳም አልታከከችም። መስመሯ ብትሞላም ካላዋቲ አሁንም አላመነችም።

«ያጫውቱትና ልስማው» አለችው።

አጫወተው። የእናቷ ድምፅ ከሌሎቹ ሴቶች ቀድሞ ወጣ።