የሠርክ ሁለት ዳዮዶች

ሚልኬሳ ኪቦርድ ሲነካ የናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር በሙሉ ይሰማዋል፤ የመዘምራኑን ድምፅ ግን የሚሰማ የለም። ይህ ነገር ሠርክን አንገብግቧታል። የቤተ ክርስቲያናቸው ካሴት ላይ ብቻዋን የምትዘምረው አንድ መዝሙር አላት፤ እሱም በዚህ ሰውዬ ጩኸት ተውጦ ሊቀር ነው።

ይባስ ብሎ የአምፕሊፋየሩን የስፒከር ገመድ ነቅሎ በቀጥታ መቅረጫው ላይ ይሰካዋል። "ኃይል እንዲኖረው ነው፣ እህቴ!" ይላል። ኃይል! የመቅረጫው መግቢያ ላይ ያለችው ቺፕ ሹክሹክታ የለመደች ናት፤ እሱ ስፒከር የሚያንቀጠቅጥ ቮልት ይለቅባታል። ሁለት ቺፕ አቃጥሏል። ኢስትሊ ውስጥ ሬዲዮ የምትጠግን ፉንዲ ናትና ሁለቱንም የቀየረችው ሠርክ ናት። አሁን የቀረችው አንዲት ቺፕ ብቻ ናት፤ እሷ ከተቃጠለች መዝሙሩም ቀረ ማለት ነው።

መምከሩ ሰለቻት። ቅዳሜ ጠዋት መቅረጫውን ከፍታ መግቢያው ላይ አንድ ሬዚስተርና ሁለት ዳዮድ በየደች። ሬዚስተሩ የሚመጣውን ኃይል ያፍነዋል፤ ዳዮዶቹ ከልክ ያለፈውን ቮልት ቺፗ ጋ ሳይደርስ ያስቀሩታል። ቺፗ ትድናለች፤ ጫፍ ጫፉ የተቆረጠው ድምፅ ግን ይንኳኳል፣ ይሻክራል። ይህንን ለሚልኬሳ አልነገረችውም። ለምን ብላ!

ሰውዬው እንደ ልማዱ ሰካ፤ እስከ ጥግ ከፈተ፤ ተዘመረ። መልሰው ሲያዳምጡት ጉድ ፈላ! ኪቦርዱ ጭስ ማውጫው የወለቀ ማታቱ ሚኒባስ ሆኖ አረፈው። መዘምራኑ በሳቅ ፈረሱ። ሠርክ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከንፈሯን ነከሰች።

"ምን ነካው?" አለ ሚልኬሳ ደንግጦ።

"ቺፗ ከአቅሟ በላይ አትወስድማ። ፖሌ ፖሌ ተጫወት፣ ወንድሜ" አለችው፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና።

አቅማማ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"በጣም!"

ቀስ ብሎ ተጫወተ። ሠርክ ዓይኗን ጨፍና ከልቧ ዘመረች። ካሴቱ ተመልሶ ሲከፈት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ጥርት ብሎም ከዜማው ወጣ። ከፍ በሚልበት ቦታ ሁሉ ይንሸራተታል። ማንም አልሳቀም፤ የባሰውም እሱ ነው። የመዘምራኑ መሪ ምሥራቅ የምትለው ቢጠፋት "ጌታ ይባርክሽ" አለች።

ሠርክ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሚልኬሳ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "እኔ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን የማጮኸው መሰለሽ?"

በጥፊ ልትለው ቃጣት፤ ሳቋ ቀደማት።

"በል ትንሽ ከፍ አድርገው" አለችው። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ኧረ ጨምር!"