ሞተር የወደድሁበት ቀን

እናቴን እባብ የነደፋት ማሽላ ስታጭድ ነው። ኅዳር ነበር፤ እኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከጽጽቃ ከተማ ብዙም በማይርቀው ማሳችን የቆረጠችውን አገዳ ስትሰበስብ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነደፋት። አባቴ እባቡን ገደለው። ከዚያ ከጎረቤት ጋር ሆነን በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ነበር።

"የእባብ መድኃኒት እዚህ የለንም" አለ ነርሱ። "ሰቆጣ መድረስ አለባት።"

አምቡላንሱ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ጠዋት ሄዷል። ሌላ መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ደግሰው የሚባል ሰው መጣ። ደግሰው በወረዳው ከብት የሚከትብ ባለሙያ ነው፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። አቧራ የጠገበች ቀይ ሞተር ነበረችው።

"ከኋላ ሆኖ የሚይዛት ቀለል ያለ ሰው ስጡኝና እኔ አደርሳታለሁ" አለ።

አባቴ ወደ እኔ አየ።

እናቴን ከደግሰው ጀርባ አስቀምጠው በጋቢ ከወገቡ ጋር አሰሯት። እኔ ከኋላዋ ወጥቼ እጆቼን በጎንና ጎኗ አሳልፌ የደግሰውን ጃኬት ጨበጥሁ። ከዚያ በፊት ሞተር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

መጀመሪያ ፈራሁ። በየጉድጓዱ እናቴ ታቃስታለች። በቋንቋችን በኽምጣኛ ፍየሎቹን ማን እንዳገዳቸው ጠየቀችኝ።

"ተስፋው ይዟቸዋል" አልኋት። ታናሽ ወንድሜ ነው።

"ግልገሏን ከእናቷ ጋር እንዳያሳድራት በይው። ወተቱን ትጨርሰዋለች።"

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። የደከማት መሰለኝ።

ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሞተሯ ቀለለች። ነፋሱ ሻሼን ገፎ ወሰደው። በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጅብን መንገድ ከሥሬ ወደ ኋላ ይሮጣል። ደግሰው መታጠፊያው ላይ ሲያጋድል አብሬው አጋደልሁ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ገላዬ ዐወቀው። ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ ነው የሳቅሁት፣ እናቴን አቅፌ።

ሰቆጣ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሐኪሟ አንገቷን ዳሰሰች፤ ዓይኗን ገልጣ አየች።

"ካረፈች ቆይታለች" አለችን።

ወደ ደግሰው ዞርሁ። "ዐውቀህ ነበር?"

"ራሷ ጀርባዬ ላይ ሲከብድ ዐወቅሁ።"

"ታዲያ ለምን አልቆምህም?"

"ሜዳ ላይ ቆሜ ምን ላደርግልሽ ነበር?"

የቱ ጋ እንደ ከበደው አልጠየቅሁትም። ከመሳቄ በፊት ይሁን በኋላ ማወቅ አልፈለግሁም።

ሰቆጣ የምትኖረው አክስቴ እታገኝ በማግስቱ ጠዋት የእርዳታ እህል ጭኖ ወደ ጽጽቃ የሚወርድ አይሱዙ አገኘች። አስከሬኑን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው ከጆንያው ላይ አጋደሙት። እታገኝ ከጎኑ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ።

"ዮርዳኖስ፣ ነይ ውጪ።"

"እኔ በሞተር እመጣለሁ።"

"እናትሽን ትተሽ?"

"አንቺ አለሽላት፣ እትዬ።"

እጇን ሰበሰበች።

ደግሰው ለሐዘኔ ብሎ ቀስ አድርጎ ነዳ። ከከተማው እንደ ወጣን "ፍጠን" አልሁት። ዞሮ አየኝና ፈጠነ።

አይሱዙውን ቀድመን ገባን። ስልክ ስለማይሠራ አባቴ ምንም አልሰማም። ሁለታችንን ብቻ ሲያየን ከተቀመጠበት ተነሣ።

"እናትሽስ?"

"በአይሱዙ እየመጣች ነው።"

ፊቱ በራ። "ተሻላት?"

ደግሰው ኮፍያውን ሲያወልቅ ነው ለአባቴ የገባው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ደግሰውን ሞተር እንዲያስተምረኝ ለመንሁት። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ አስተማረኝ። ብዙ ጊዜ ወደቅሁ፤ የጭስ ማውጫው ባቴን አቃጠለኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። የሰፈሩ ሴቶች እናቷ የሞተችበትን ነገር ትጋልባለች እያሉ ያሙኛል። አባቴ ግን አንድም ቀን አልከለከለኝም፤ ሞተር ሲሰማ ወደ ቤት ይገባል እንጂ።

ዛሬ ሠላሳ ዓመቴ ነው። እኔም ከብት እከትባለሁ። የክትባት ሣጥኑን ከኋላዬ አስሬ ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ፣ ወደ ዝቋላ ወረዳዎች እመላለሳለሁ። ሐሩር ቢሆን፣ ቢርበኝ፣ ሞተር ላይ ከወጣሁ ሌላ ነገር አያምረኝም። በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች ሞተሬን ሲወስዱብኝ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እናቴ በተቀበረች ቀን ግን እንባ አልወጣኝም ነበር። እታገኝ ይህን ለሰው ሁሉ ትናገራለች፤ አልዋሸችም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ለቄስ ወልደ ጻድቅ ሁሉንም ነገርኋቸው።

"ሳቄን ሰምታው ይሆን ብለሽ ነው የምትጨነቂው?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባ።"

"እሱን እኔም አላውቅልሽም፣ ልጄ" አሉኝ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድሁ። ሞተሩን ልተወው ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኋቸውም። ተዪው ቢሉኝ እሺ እንደማልላቸው ዐውቃለሁ።