የሴፊሪ ልክ

ብስክሌትን ለሰው ልክ ማድረግ ብቻውን የሆነ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ወጥቶ ይቀመጣል፣ አንዱ የፊቱን ጎማ በጉልበቶቹ መሀል ቆንጥጦ ይይዛል፣ የሚለካው ደግሞ ከጎን በርከክ ብሎ ያያል። ማታቶ ይህን የምታውቀው ከያዥነቷ ነው። ባሏ ሴፊሪ ከመንደሩ በታች ባለው የእንግዶች ማረፊያ፣ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ብስክሌት ያዘጋጅ ነበር። እንግዳው ሲቀመጥ እሷ ከፊት ቆማ ጎማውን ትይዛለች፤ ሴፊሪ የእንግዳውን እግር ያያል።

"ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ። እግርህ ቀጥ ይበል። ዳሌህ ግን እንዳይወዛወዝ" ይላል።

"እግሬ መሬት አይደርስም እኮ!" ብሎ የሚጮህ እንግዳ አይጠፋም።

"መሬት የሚፈልግ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው።"

ሁልጊዜ ያችው ቀልድ ነበረች። ማታቶም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቅለት ነበር።

"ለእኔስ መቼ ነው የምትለካልኝ?" ስትለው "ነገ" ይላታል። እሷም ነገን አምና ጎማ ትይዛለች።

በረዶ መንገዱን በዘጋበት ሰሞን ሳል ያዘው። ወደ ከተማው ሆስፒታል በጭነት መኪና ወረደ፣ በጭነት መኪና ተመለሰ። ሲወርድ ተቀምጦ ነበር፤ ሲመለስ ተኝቶ።

ማታቶ ማለት የታቶ እናት ማለት ነው። ሙሽራ ሆና የገባች ዕለት አማቷ ያወጡላት ስም ነው፤ በዚያ አገር ልጁ ሳይወለድ ስሙ ይቀድማል። ታቶ ግን አልመጣም። አማቷ ደግሞ ማሴፊሪ ይባላሉ፣ የሴፊሪ እናት። አሁን ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ፣ አንዷ ባልመጣ፣ አንዷ በሄደ ልጅ ስም እየተጠሩ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ይውላሉ። ማሴፊሪ የበቆሎ ገንፎውን ሠርተው በሯ ላይ ያስቀምጣሉ። ማታቶ ሳህኑን አጥባ በሳቸው በር ላይ ትመልሳለች።

ጥቁር ለብሳ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ የምታየው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የሴፊሪን ብስክሌት ነው። መቀመጫውን በተሸከመው ብረት ላይ ባሏ በሚስማር የጫራት መስመር አለች። ብስክሌቱን በመኪና ለመጫን መቀመጫውን ዝቅ ሲያደርግ፣ መልሶ የሚያቆምበትን ከፍታ እንዳይረሳ ያደረጋት ናት። የቁመቱ ልክ ያለችው አሁን እዚያች ጭረት ላይ ብቻ ነበር።

ሐዘኑ ሊገባደድ ሲል የሴፊሪ አጎት ንታቴ ራሞሌፌ መጡ። የእናት ወንድም፣ ማሎሜ የሚሉት፣ የሟችን ዕቃ የሚያከፋፍል እሱ ነው። ብርድ ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ እንደቆለፉ ተቀመጡ። የሴፊሪ ታናሽ ወንድም ፔሎም ከዋና ከተማው ከማሴሩ መጥቶ ነበር።

"ሕጉን ታውቁታላችሁ" አሉ ሽማግሌው። "የሟች ዕቃ ለሚሆነው ሰው ነው። ኮቱ ለሚሆነው፣ ጫማው ለሚገባው። ያልገባኝ ብስክሌቱ ነው።"

"እሱማ የእኔ ነው፣ ማሎሜ" አለ ፔሎ። "ማሴሩ ካደረስኩት በማግሥቱ ገዢ ያነሳዋል።"

"አንተ አትነዳውም?"

"ኧረ የሚነዳውማ ሞቷል።"

ማታቶ ከፍራሹ ላይ ሆና "እኔ እፈልገዋለሁ" አለች።

ፔሎ ሳቀ። "አንቺ? መሰላል ይምጣላት! አውሲ፣ እህቴ፣ እላዩ ወጥተሽ እስክትቀመጪ እኮ ይመሻል።"

"ዝም በል አንተ" አሉ ማሎሜ። "በልጅነትህ ከአህያ ላይ ስንቴ ነው ያነሳሁህ?" ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ ሕጉ ላንቺም ያው ነው። ልክሽ ከሆነ ያንቺ ነው። ጥቁሩ የሚወልቅ ቀን ዳገቱ አናት ላይ እስካለው ድንጋይ ክምር ወጥተሽ ትመለሺበታለሽ። ከወደቅሽ ግን ልክሽ አይደለም፤ ፔሎ ይውሰደው።"

ማሴፊሪ በሩ ሥር ተቀምጠው ክር በጥርሳቸው ይበጥሱ ነበር። 

ሐዘንተኛ ሴት በየመንገዱ አትታይም። ስለዚህ ማታቶ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ብስክሌቱን እየገፋች ከበጎች በረት ጀርባ ወሰደችው። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ከሕፃንነቱ የሚያውቀው ልክ የፈረስ ልክ ነው። እርካብ የሚለካው በክንድ ነው፤ ጣቶች ኮርቻው ላይ፣ የእርካቡ ብረት ብብት ሥር። አባቷ እንዲህ ሲያደርጉ ነው ያደገችው። ሌላ ልክ አልመጣላትም። ብሎኑን አላልታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ጣቶቿን መቀመጫው ላይ አድርጋ ፔዳሉን ብብቷ ሥር ከተተች። መቀመጫው በጣም ከፍ ብሎባት ነበርና ወደ ታች ገፋችው።

ብረቱ ወደ ቱቦው ሲሰርግ የሴፊሪ ጭረት አብራ ወረደች። የቱቦው አፍ ላይ ስትደርስ ማታቶ እጇን አቆመች። የባሏ ሣጥን ሲወርድ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አሁን ግን እያየች ገፋችው፣ ጭረቷም ገባች።

ጠዋት ጠዋት ነዳች። ጉልበቷ እንደ እንቁራሪት እስከ ደረቷ ይታጠፋል፤ ጥቂት ዳገት ላይ ጭኗ ይነዳል። እየቆየ ጉልበቷ አበጠ። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ አነከሰች። አንድ ቀን ጠዋት በሯን ስትከፍት፣ ጨው የተበተነበት ሙቅ ውሃ በሳፋ ተቀምጦ አገኘች። የአማቷ በር ተዘግቷል። እግሯን ነክራ፣ ሳፋውን አጥባ መለሰች።

እግሯ ውሃው ውስጥ እያለ ነው የሴፊሪ ድምፅ የመጣላት። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ። ያን ሁሉ ዘመን ሰምታው ለሌላ ሰው የተባለ ስለነበር፣ ለእሷም ይሠራል ብላ አስባ አታውቅም።

በማግሥቱ መቀመጫውን ከፍ አድርጋ የበረቱን ድንጋይ በክርኗ ተደግፋ ወጣችበት። ተረከዟን አደረገች። ግን ማን ይያት? ወደ ታች ስትመለከት ሰውነቷ ይጎብጣል፣ ልኩ ይበላሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የፊቱን ጎማ አየችና እዚያ ቆሞ የሚይዘው ሰው አለመኖሩ ገረማት፤ ያ ቦታ የራሷ ቦታ ነበርና።

ፀሐይዋ በአንድ ጎኗ ስትወጣ ጥላዋ በሌላው ጎን ካለው የጎተራ ግድግዳ ላይ ወደቀ። እግሯ እዚያ ላይ ረዝሞ፣ ጠቁሮ ይታያል። መታጠፉም ይለያል።

"እግርሽ ቀጥ ይበል" አለችው ጥላዋን ጮክ ብላ። "ዳሌሽ እንዳይወዛወዝ።" ወርዳ ብሎኑን አላላች፣ አጠበቀች፣ ተመልሳ ወጣች። "እግሬ መሬት አይደርስም እኮ!" አለች። የሚመልስላት አልነበረም፤ መልሱን ራሷ ብላ፣ ብቻዋን ትንሽ ሳቀች። ጥላዋ ግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ልኩ ሲገኝ ጭረቷ ከቱቦው አልወጣችም። በእሷ ልክና በእሱ ልክ መካከል አንድ ስንዝር አለ።

ከፊት ጎማው በላይ ያለው ባለ አየር ሞላም ለሴፊሪ ክብደት የተነፋ ስለነበር እሷ ስትቀመጥበት አልሰምጥ አለ። በኮረት ላይ እንደ ዱላ ያንገጫግጫታል። አየር ማውጣት ነበረባት። ክዳኑን ፈትታ በጥፍሯ ጫን ስትል ሽው ብሎ ወጣ። በባሏ እጅ የገባ አየር ነው። ወዲያው ጣቷን አነሳች። ደግማ ጫነች። በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ፣ እየቆጠበች አወጣችው።

የፍሬኑን እጀታዎች ግን አልነካቻቸውም። ትንሿን ብሎን ወደ ውስጥ ካዞሯት ለአጭር ጣት እንደሚቀርቡ ታውቃለች፤ ባሏ ለሴት እንግዶች ሲያደርግ አይታለች። ሁሉም ነገር ከተለወጠ ግን የሱ ምኑ ሊቀር ነው አለች። ጣቶቿን ስትዘረጋ ጫፋቸው ይደርሳል። ይበቃል።

ጥቁሩ የሚወልቅበት ቀን በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ማታቶ ታጥባ አዲስ ቀሚስ ለበሰች። ማሎሜ የሟችን ልብስ ከገመድ ላይ እያነሱ አከፋፈሉ። ኮቱ ለፔሎ ተሰጠ። እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ማሴፊሪ ሳይጠሩ ተነሥተው እጅጌውን አጠፉና ልጃቸው ላይ እንዳለ በመርፌ ሰፉት።

"እንዴት ነኝ?" አለ ፔሎ እየተሽከረከረ።

"ሙሽራ መስለሃል፣ ሙሽሪት ብቻ ቀረችህ" አለች አንዲት ጎረቤት።

"ልክህ ነው፣ ውሰደው" አሉ ማሎሜ።

ከዚያ ብስክሌቱ ወጣ። ማታቶ አጥሩን ተደግፋ ወጣችበት።  ዳገቱን እየረገጠች፣ ከመቀመጫው ሳትነሳ፣ ቀስ ብላ ወጣችው። ከታች አንድ ሰው "ዋ! እዩዋት!" ሲል ተሰማት። ድንጋይ ክምሩ ጋ ወርዳ እንደ ማንኛውም መንገደኛ አንድ ድንጋይ ጨመረች። ነፋስ ብቻ ነበር። ሴፊሪ እዚህ ሲደርስ ከታች ሆና እጇን ታውለበልብለት ነበር። ወደ ግቢው አየች፤ ሰዎቹ እንደ ጠጠር አንሰዋል፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ቁልቁለቱ ላይ ብስክሌቱ ፈጠነ። የፍሬኑን እጀታ በጣቶቿ ጫፍ ይዛዋለች። ከግቢው በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ የቀኝ ጣቶቿ አመለጡ። የድንች ማሳው ውስጥ ወደቀች።

ክርኗ እየደማ፣ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች።

"አበቃ!" አለ ፔሎ። "ማሎሜ፣ በራስዎ አፍ ነው ያሉት።"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። "ቃል ቃል ነው፣ ልጄ።"

ማታቶ የብስክሌቱን መሪ አልለቀቀችም። አልለመነችም። ፔሎ እጁን ዘረጋ።

"ና እስቲ ወዲህ" አሉ ማሴፊሪ። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። "ፔሎ! አንተን እኮ ነው። እጅጌህን አሳየኝ።"

"ምን ሆንሽ፣ ምሜ?" አላቸው እናቱን።

"እጅጌህን!" ክንዱን ይዘው ወደ ሰው አዞሩት። "ይህን ክር ማን ሰፋው?"

"አንቺ ነሻ።"

"ከመሰፋቱ በፊት ልክህ ነበር?"

ፔሎ እጅጌውን አየ።

"ልተርትረው?"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። "ተርትሪው! ተርትሪው!" አለች ያቺው ጎረቤት። ማሎሜም ሳቃቸውን በብርድ ልብሳቸው ሸፈኑ። "እንግዲህ" አሉ፣ "ለኮቱ መርፌ ከተፈቀደ፣ ለብረቱም መፍቻ መፈቀድ አለበት። ይስተካከልና ደግማ ትውጣ።"

ማሴፊሪ ብስክሌቱን ከማታቶ እጅ ወሰዱ። ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊት ቆሙና ጎማውን በጉልበቶቻቸው መሀል ቆነጠጡት።

"ውጪ" አሉ።

ማታቶ ወጣች። አማቷ ፊቷን ሳይሆን እጆቿን አዩ። "እዚያ ጋ ነው ነገሩ። ጣትሽ አይደርስም። ሌላውን ሁሉ አስተካክለሽ ይህን ለምን ተውሽው?"

"የሱ ነው፣ ምሜ። የሱ ጣት ልክ ነው።"

ማሴፊሪ ጎማውን አጥብቀው ያዙ። "እሱ ቢያይሽ ኖሮ፣ 'ይህችን ሴት እንዲህ አድርጎ ማን ላካት?' ብሎ ይጮህ ነበር። እኔን ይሆናል የሚቆጣው። መፍቻሽን አውጪ።"

ማታቶ ትንሿን ብሎን አዞረች። እጀታው ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ጣቶቿ መጣ።

ደግማ ወጣች፣ ደግማ ወረደች። መታጠፊያው ላይ ፍሬኑ እሺ አላት። ፔሎ ቀድሞ አጨበጨበ፤ ከሱ የማይጠበቅ ነገር ነበር። ማሎሜ "ልክሽ ነው፣ ውሰጂው" አሉ።

ሊመሽ ሲል ሰው ተበተነ። ፍራሹ ከመሬት ተነሥቶ ወደ አልጋው ተመልሷል። ማሴፊሪ የገንፎውን ሳህን ይዘው መጡ፣ በዚያ ቀን ግን በሩ ላይ አላስቀመጡትም፤ ገብተው ሰጧት። ብስክሌቱ አጠገብ ቆሙ።

"የሱ እስከየት ነበር?"

"ከዚህ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። የጫራት መስመር ነበረችው። ገብታ ነው፣ ውስጥ ናት።"

አሮጊቷ በአንድ ጣታቸው ብረቱ ወደ ቱቦው የሚገባበትን ቦታ ነኩ። ጣታቸው እዚያው ቆየ። ከዚያ አየሩ ላይ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ለኩ፣ እጃቸውን አነሱና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማታቶ በሩን ዘጋች። ገንፎዋን ቆማ በላች። በግድግዳው ላይ የተደገፈውን ብስክሌት አየችው፤ መቀመጫው ዝቅ ብሎ፣ የሌላ ሰው ብስክሌት መስሏል። የሷ ሆኗል። ነገ ሳህኑን ራሷ ይዛ ገብታ ትመልሳለች። ይህን አስባ፣ ከአልጋው በቀኝ በኩል፣ በራሷ ቦታ ተኛች፤ የግራውን እንደተነጠፈ ተወችው።