የእፀገነት አዳራሽ

ደብሪቱ የምትቀናው በሞተች ሴት ላይ ነበር። እፀገነት የባሏ የመርሻ የመጀመሪያ ፍቅረኛ ነበረች፤ በንጉሡ ዘመን በተማሪዎች ሰልፍ ላይ በጥይት ተመትታ የቀረች ልጅ። በሕይወት ብትኖር ደብሪቱ ባልፈራቻት። ሕያው ሰው ይወፍራል፣ ያረጃል፣ ይነዘንዛል። እፀገነት ግን ሁልጊዜ የሃያ ዓመት ቆንጆ ናት።

በስልሳ ሰባት፣ ተማሪዎቹ ለዘመቻ ገጠር ወጥተው ግቢው ጭር ባለበት ሰሞን፣ ባልና ሚስቱ የሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ በመኳንንት የተሰየሙ ሕንፃዎችን ስም ሊቀይር ተነሣ። በቅድሚያ የተነሣው ደብሪቱ የምትሠራበት፣ የገበሬ መሬት በመንጠቅ ስማቸው የከፋው የደጃዝማች ገብረትንሣኤ አዳራሽ ነበር። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ መርሻ ብድግ አለ።

«በእፀገነት ይሰየም።»

የደብሪቱን ስም እንደዚያ አለስልሶ ጠርቶት አያውቅም። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት በዚያች ልጅ ስም ሥር አልፋ ሥራ ልትገባ ነው! እጇን አወጣች።

«ጓዶች፣ አንዱን ግለሰብ አውርደን ሌላ ልንሰቅል ነው? የሞቱት ብዙ ናቸው። የሰፊው ሕዝብ አዳራሽ ይባል!»

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። በዚያን ጊዜ ሰፊውን ሕዝብ ማን ይቃወማል? መርሻ ብቻ ዞር ብሎ አያት። ገብቶታል።

በሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። የእፀገነት እናት፣ ወይዘሮ የሺዓለም ነበሩ። የልጃቸው ስም ሲጠራ እንዲሰሙ ከሚኖሩበት ከአፍንጮ በር ሰፈር የጠራቸው መርሻ ነው፤ ለደብሪቱ አልነገራትም።

«አለቀ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«አለቀ እማማ።»

ደብሪቱ ማንነታቸውን ከሰው ሰምታ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ቀረበች። እሳቸው ግን ቀድመው እጇን ያዙ።

«ሚስቱ ነሽ? እሱ'ኮ ለኔ ልጄ ነው። ሳይጠይቀኝ ወር አያልፈውም።»

ደብሪቱ ይህንንም አታውቅም ነበር። ኀፍረቷ ሳይበርድ ቅናቷ እንደ አዲስ ተነሣ። መርሻ አሮጊቷን ደግፎ ሊሸኝ ሲሄድ፣ እሷ በፒያሳ አድርጋ ብቻዋን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ወረደች።

ራት ላይ መርሻ፣ «ከፈለግሽ በሚመጣው ወር አብረን እንጠይቃቸው» አላት።

«እኔ? ምን ልሠራ!»

ወሩ ሲደርስ ግን ለብሳ፣ ተጫምታ፣ በሩ ላይ ቀድማው ቆመች። ብቻውን አትለቀውማ።