ዜማው የተመለሰበት መስመር

ታላቅዬዋ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ተማሪዎችን ፒያኖ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ግን ኃላፊው አዲስ አመል አመጣ። ተማሪዎቹን የሚፈልጉ ሁለት መምህራን ስላሉ፣ ሁለቱም የአንድ የፒያኖ ሶናታ የመጀመሪያውን ክፍል ተንትነው ይጻፉ፣ የተሻለ የጻፈው ይወስዳቸዋል አለ። ሁለተኛዋ መምህር የገዛ ታናሽ እህቷ ናት፤ በልጅነቷ አፍንጫዋን የጠረገችላት፣ ጣቶቿን ይዛ ፒያኖ ላይ ያስቀመጠችላት።

«ባጎረስኩ ተነከስኩ» አለች በልቧ። ቅናት መሆኑን ታውቃለች። እያወቁ መቅናት ደግሞ የባሰ ነው፤ ለራስ እንኳን የሚዋሽ ነገር አይተርፍም።

ጠዋት ታናሽዬዋ ወረቀቷን ይዛ ከች አለች።

«እታለም፣ ሳላስገባው እስቲ እዪልኝ።»

ተፎካካሪዋን እረሚኝ ትላለች እንግዲህ! የዋህነት ነው ንቀት? ታላቅዬዋ ንቀት ነው ብላ ወሰነችና ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ አንጀቷን ያሳረረውም ይኸው ነው። ቀልደኛው የመጀመሪያ ዜማ፣ ዝግ የሚለው ሁለተኛው፣ መሐል ላይ ዜማው ተቆራርጦ በባዕድ ቅኝቶች ሲንከራተት፣ ሁሉም በቦታው ተጽፏል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ያዘቻት። ዋናው ዜማ ከመንከራተቱ የሚመለሰው በኖታው ሁለተኛ ገጽ አራተኛው መስመር ላይ ነው፤ እሷ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ስድስተኛው ላይ ነው ብላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ታላቅዬዋ ደስ አላት። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ በቀይ ከበበችው።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል።»

«አራተኛው ላይማ ዜማው ይመጣል፤ ግን በሌላ ቅኝት ነው እኮ። ደራሲው ሊያታልለን ነው። የመነሻው ቅኝት የሚገባው ስድስተኛው ላይ ነው። እስቲ ተጫወቺው።»

ልታሳፍራት ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። አራተኛው መስመር ላይ ዜማው መጣ፤ ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ረካ። ግራ እጇ ግን ገና በባዕድ ቅኝት፣ ሰው ቤት ነበር። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ነው ሁሉም ነገር እፎይ ብሎ ቤቱ የገባው። ደግማ ተጫወተችው። ያው ነው። ወደ እህቷ ዞረች።

«ማነው ያሳየሽ? ኃላፊው ነው?»

«አንቺ ነሻ» አለች ታናሽዬዋ ግራ ገብቷት። «ተማሪ ሳለሽ ስለዚሁ ሶናታ የጻፍሽበት ደብተር እማዬ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። እኔም እንዳስተማርሽኝ አራተኛው ነው ብዬ ነበር፤ ያንቺን ሳነብ ነው ጆሮዬን የጣልኩት። ከሥር ጽፌዋለሁ እኮ፣ ከእህቴ ደብተር ብዬ።»

ትዝ አላት። ሃያ ዓመቷ ሳለ ማንም ሳይነግራት፣ በጆሮዋ ብቻ ያገኘችው ነበር። ማስተማር ስትጀምር ግን ተማሪዎቹ ግራ ሲጋቡባት «ለጊዜው አራተኛው ነው በሉ» አለቻቸው። ያ ለጊዜው አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በመጨረሻ እሷም አመነችው።

ከቀዩ ክብ አጠገብ «ትክክል ነው» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ራሷ ለኃላፊው ወሰደችለት።

«ተማሪዎቹ የእሷ ናቸው» አለችው።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ይቀናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ቀንቻለሁ። በእሷ ግን አይደለም።»

«በማን ታዲያ?»

«በአንዲት የሃያ ዓመት ተማሪ» አለች። «ጆሮ ነበራት።»