የታላቅ ወንድም ስጦታ

ወጣቱ መካኒክ ከባንድ ጋር ልጫወት እሄዳለሁ ባለ ቁጥር «ማን አሳደገህ?» እያለ ጋራዡ ውስጥ የሚያስቀረው ታላቅ ወንድሙ አንድ ቀን አሮጌ ሳክስፎን ሰጠው። «ጠግነውና እንደ ምኞትህ ከባንድ ጋር ንፋ» አለው።

እሱም በቃ ተገላገልኩ ብሎ የሳክስፎኑን ቀዳዳዎች የሚደፍኑትን የደረቁ ቆዳዎች ቀየረ፤ የተጣመመውን አንገት አቃና። ሲነፋው ድምፁ ግቢውን ሞላው።

ወንድሙ እየሮጠ መጣ። «አቤት እጅ! ሬሳ አስነሳህ እኮ!»

«እንግዲህ ጋሼ፣ ሰኞ ባንዱ ጋ ልሄድ ነው።»

«አንተ ከሄድክ ይሄን ሁሉ ማን ሊጠግነው?» ብሎ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፈተ። የተጨረማመቱ የሙዚቃ ጥሩምባዎች ሞልተውታል። «ደንበኞቹን አናግሬ ጨርሻለሁ።»

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። እጁ ግን ቀድሞት የአንዱን ጥሩምባ የተሰረጎደ ጎን መዳበስ ጀምሮ ነበር።